መጣሁ በለው

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው፤ ዝርዝሩ ከታች ይመጣል።

ስለ እንቅልፉ ለጠየቅሽኝ፦ አባባ ይተኛል። የሚተኛው ግን ቀን ቀን፣ ያውም ቁጭ ብሎ፣ መሪ እንደ ጨበጠ ሰው እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ነው። ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ አውቶቡሱ ግን ገና ከእጁ አልወረደም። ሲነጋጋ ተነሥቶ "ሞተር ላሙቅ" ይለኛል።

ስልክ መደወሉን ለጊዜው እንተወው ያልኩሽ አኩርፌ አይደለም። ባለፈው ካናገርሽው በኋላ ድምፅሽን ከበሩ ኋላ፣ ከአልጋው ሥር፣ አልፎ ተርፎም ቁም ሣጥን ውስጥ ሲፈልግ ዋለ። "አሁን እዚህ ነበረች እኮ" ይላል። ሳላገኛት አልቀምስም ብሎ ምሳውን መለሰው። ስለዚህ እንደ ጥንቱ እንጻጻፍ። እኔ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር እልክልሻለሁ፤ ያንቺን ደግሞ በወረቀት አትሜ አነብለታለሁ። ወረቀት ሲሆን አይደናገርም፤ ሰው ከሩቅ እንደ ጻፈው ይገባዋል።

ዋናውን ጥያቄሽን ወደ ታች የገፋሁት መልሱን ስላልወደድኩት ነው። አዎ፣ ብሶበታል። የጎረቤቶቹን ስም ረስቶ ጨርሷል። እናታችን መሞቷን አንድ ቀን ያውቃል፣ አንድ ቀን አያውቅም። እኔን "መካኒኩ" ነው የሚለኝ፤ ቀለም የነካው እጄን እያየ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሰሞን "አባባ፣ ልጅህ ነኝ እኮ" እለው ነበር። አሁን "አቤት፣ ፍሬኑን አይቼዋለሁ" ብዬ አልፋለሁ። አልዋሽሽም፣ ያመኛል።

ካንቺ በቀር ማንም አልቀረም። በየቀኑ "ረዳቴ መቼ ነው የምትመጣው?" ይላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ቆመሽ የፌርማታ ስም ስትጠሪለት ያወጣልሽን ስም እሱ አልረሳውም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ይህም ሊሄድ ይችላል፤ ልጅቱ መምጣት ካለባት፣ ሳይሄድ ትምጣ" ብላኛለች። እኔ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 11 ቀን

ወንድምዓለሜ፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አጠገቤ የሚሠሩት ሁሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዳቸው ካዩኝ ቁጭ አድርገው ያዳምጡኛል፣ ያን ደግሞ አልችለውም።

በመካከል በላክኸው አጭር መልእክት ሽልማቱ ምንድን ነው ላልከኝ፦ ኮሪደራችን ላይ የመጪዎቹ ጉባኤዎች ሰሌዳ ተሰቅሏል። የልጆች ጭንቀት፣ ሱስ፣ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ለሁሉም ቀንና አዳራሽ ተቆርጦለታል። ከእነዚህ ትልቁ የአእምሮ ጤና ተመራማሪዎች ጉባኤ ነው፤ እዚያ ለጀማሪ ተመራማሪ የሚሰጥ ሽልማት አለ። ለመጨረሻው ዙር ከቀረቡት ጥናቶች አንዱ የእኔ ነው። ስለ ማን መሰለህ? ስለ አንተ ነው። ማለቴ፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ወላጅ ቤታቸው ስለሚያስታምሙ ልጆች፣ አቅም ማጣት እንዴት አድርጎ እንደሚበላቸው። ስንቱን አስታማሚ ቁጭ አድርጌ አናገርኩ፤ አንተን ብቻ አላናገርኩህም።

"አሁኑኑ ነይ" አላልከኝም፤ ሳትል ግን ብለኸኛል። አልቻልኩም። ራሴ ቆሜ ካላቀረብኩ ጥናቱ ከውድድሩ ይወጣል። የሥራ ውሌም የሚያልቀው ዘንድሮ ነው፤ ከተሸለምኩ ይታደሳል፣ ካልተሸለምኩ እንጃ። ውሌ ካልታደሰ ደግሞ ለአባባ መድኃኒት የምልከው ከየት ነው? ይህን ስጽፍልህ ራሴን እያሳመንኩ እንደሆነ ይታወቀኛል። እሱንም ይቅር በለኝ።

መጠይቁን አያይዤልሃለሁ። ለጥናቱ አይደለም፣ ጥናቱ ተዘግቷል። እንዴት እንዳለህ ማወቅ ፈልጌ በሌላ መንገድ መጠየቁ ስላቃተኝ ነው።

እኅትህ


ጥቅምት 19 ቀን

እቴቴ፣

እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ እስኪለይለት ልጠብቅ? የሐዘን ጉባኤ አለ ማለትሽ ግን አስገርሞኛል። ሐዘን አዳራሽ ተከራይቶ፣ ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲሰበሰብ ታየኝ። የእኛን ሰፈር ማን ይወክል?

"መጠይቁን ለምን አልላክህም" ላልሽኝ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን ልከሽልኛል፣ ሞኙን ደግሞ እዚያው ፈልጊው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ሞክሬዋለሁ። "ባለፈው ሳምንት ምን ያህል ጊዜ አቅም እንዳጣህ ተሰማህ? ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።" ብዙ ጊዜ የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል አባባ ጠራኝ። ሄድኩ። ሱሪው ርሶ ቆሟል። "መካኒክ፣ ራዲያተሩ ያፈሳል" አለኝ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። አጥቤው፣ አልብሼው ስመለስ የትኛው ሣጥን እንደሆነ ጠፋኝ። የሳቅሁበት ጊዜ የት ነው የሚገባው?

ብቻውን ትተወዋለህ ወይ ላልሽው፣ አልተወውም። ጠዋት አክስታችን ትቀመጣለች፤ ከሰዓት እኔ ከማተሚያ ቤት ቶሎ እወጣለሁ፤ አለቃዬ ፊቱን እንዳጠቆረብኝ ነው። በሩን ቆልፍበት ያልሽኝን ግን እጄ እምቢ አለኝ። ዕድሜ ልኩን ለሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው ላይ ቁልፍ ማዞር አልቻልኩም። ደግሞ የትም አይሄድም። ደጃፍ ላይ ቆሞ መንገዱን ግራ ቀኝ አይቶ ይመለሳል። "ረዳቴ ሳትመጣ አልንቀሳቀስም" ይላል፤ በእሱ ዘመን አውቶቡስ ያለ ረዳት አይነሣም ነበር።

እንድትመጪ አልለምንሽም። ግን ለእሱ የምነግረው ቁም ነገር ላኪልኝ። "መቼ ነው?" ሲለኝ "በቅርቡ" ማለት ሰልችቶኛል፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 8 ቀን

ወንድምዓለሜ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ፣ አትቀየመኝ። ነገ ማለዳ ጉባኤው ወደሚካሄድበት ከተማ እሄዳለሁ። ሻንጣዬ አልተዘጋም። ፖስተሬ ተጠቅልሎ በሩ ላይ ተደግፏል። ጥናቱ በሙሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ታትሞ ነው የሚለጠፈው፤ ሰውም እየመጣ ያነባል። አንተ እያለህልኝ ሌላ ሰው አተመው፤ ቀለሙ ደግሞ ደብዝዟል።

ቲኬት ቆርጠሻል ወይ ላልከኝ፦ ቆርጫለሁ። ጉባኤው በተዘጋ በሳምንቱ እነሣለሁ። አለቃዬን ሳልለማመጥ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የቆረጥኩት። ስለዚህ ከእንግዲህ "በቅርቡ" አትበለው። አባባን በደንብ ቁጭ አድርገህ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ ንገረው። ረዳትህ መጣሁ ብላለች በለው። መጣሁ በለው።

እኅትህ


ኅዳር 11 ቀን፣ ጠዋት

እቴቴ፣

እንደምን አለሽ? መንገዱ እንዴት ነበር? ብርዱስ? ማረፊያሽ ተመችቶሻል? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሥራ ሲበዛብሽ ትረሺዋለሽ? አክስታችን ሰላም ብላሻለች። አለቃዬም ሰላም ብሎሻል፤ ሰውየው ካንቺ ጋር አይተዋወቅም፣ ቢሆንም ብሎሻል። እዚህ ዝናቡ አላባራም።

አነበብክለት ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ትናንት አነበብኩለት። በጣም ነው ደስ ያለው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ፊቱ ፊት ለፊት ጥርት ብሎ የሚታይበት፣ የቅርብ ጊዜ የአባባ ፎቶ ካለሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ። እኔ ጋ ያሉት የድሮ ናቸው፤ በሁሉም ላይ የሹፌር ኮፍያውን አጥልቋል። ለማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ደግሞ ያ የላክሽለት ቡናማ ኮት ከኋላው ስንጥቅ ነበረው ወይስ ድፍን ነው? ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ስለ እኛ አታስቢ፤ ፖስተርሽ አጠገብ ቀጥ ብለሽ ቁሚ።

ወንድምሽ


ኅዳር 11 ቀን፣ ማታ

ወንድምዓለሜ፣

ፎቶውን ላክሁልህ። ባለፈው ስመጣ በረንዳው ላይ ያነሣሁት ነው። አስፍተህ፣ ክፈፍ አስገብተህ፣ ስደርስ ግድግዳ ላይ ልታሳየኝ ነው አይደል? የምትደብቀኝ መስሎሃል። ኮቱ ከኋላው አንድ ስንጥቅ አለው። እሱ ለፎቶው ምን ይሠራል? ኮቱን ደግሞ በጀርባው ልታነሣው ነው?

እንዴት ዋልሽ ላልከኝ፦ እግሬ አብጧል። አዳራሹ ትልቅ ነው፣ ሰው ሁሉ ስሙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ማንነትህ ቢጠፋብህ ወደ ደረትህ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ለአባባም አንድ ቢሰጡልኝ አልኩ በሆዴ።

ዳኞቹ ከሰዓት መጡ። አንዷ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ፖስተሩን ስታነብ ቆይታ "አስታማሚዎቹ ምን ይደብቃሉ?" አለችኝ። ጥያቄዋን ስጠብቀው ነበር። "ሩቅ ላለ ቤተሰብ መጥፎ ወሬ አያደርሱም። ጥሩ ጥሩውን መርጠው ይናገራሉ፤ በጣም ሲጨንቃቸው ደግሞ ሰላምታ ያበዛሉ" አልኳት። ከቃለ መጠይቆቹ እየጠቀስኩ አስረዳኋት። በደንብ አድርጋ ጻፈችው።

ውጤቱ ነገ ቀትር ላይ ይነገራል። ባይሳካ ግድ የለኝም ስል ዋልኩ። ውሸቴን ነው፣ ግድ አለኝ።

እኅትህ


ኅዳር 12 ቀን

እቴቴ፣

እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለን። ተሸለምኩ የሚለውን መልእክትሽን እንዳየሁ ለማተሚያ ቤቱ ሁሉ አወራሁ፤ አለቃዬ ማሽኑን አጥፍቶ አጨበጨበ። አባታችን በደህናው ጊዜ ቢሆን ይህን ሲሰማ ጡሩንባ ነበር የሚነፋው።

ለእሱ አንብብለት ላልሽው፣ አላነበብኩለትም። ወጣ ብሏል። ሲመለስ አነብለታለሁ። ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ፣ እግሬም መንገድ ላይ ነው፤ ስላሳጠርኩት ይቅርታ።

ወንድምሽ


ኅዳር 15 ቀን

እቴቴ፣

ስድብሽ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። የሰፈራችን ባለሱቅ የላከልሽ ፎቶ እውነት ነው። ምሰሶው ላይ "የጠፋ ሰው" ተብሎ የተለጠፈው አባባ ነው። ያተምኩት እኔ ነኝ፣ ፎቶውን የላክሽው አንቺ ነሽ። አሁን ቤት ነው። በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ትንፋሽሽን ሰብሰብ አድርገሽ እንድታነቢው ነው።

እንዴት ወጣ ላልሽኝ፦ እንዳልሽው ቁጭ አድርጌ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ "ረዳትህ መጣሁ ብላለች" አልኩት። "መጣች?" አለኝ። "አዎ፣ መጣሁ ብላለች" አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደ በራ ምን ብዬ ልንገርሽ። እኔም ደስ ብሎኝ ሻይ ልጥድለት ወደ ጓዳ ገባሁ።

እቴቴ፣ አንቺና እኔ ከዚህ ቤት መጣሁ ብለን ስንት ጊዜ ወጥተናል። መጣሁ የሚል ሰው ገና የሚሄድ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። አባባም ያውቅ ነበር፣ ይህም ግን ሄዶበታል። አሁን የቀረለት የቃሉ ላይ ላዩ ብቻ ነው። መጣሁ ካልሽ መጥተሻል፤ ከመጣሽ መናኸሪያ ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ። ኮቱን ለብሶ ሊቀበልሽ ወጣ። ሻዩን ይዤ ስመለስ በሩ ክፍት ነው።

መናኸሪያ አልፈለግህም ወይ ላልሽኝ፣ መጀመሪያ የሮጥኩት እዚያ ነው። እሱ ግን የሄደው ድሮ እሱ ወደሚያውቀው መናኸሪያ ነበር። ዛሬ እዚያ ያለው አሮጌ አውቶቡሶች የተከመሩበት ግቢ ነው፤ ከአንዱ ውስጥ ገብቶ ሲጠብቅሽ ሁለት ሌሊት አደረ። ዘበኛው ሲያገኘው "ተሳፋሪ ወደ አዲሱ መናኸሪያ ተዛውሯል" ብሎ በጣቱ ጠቆመው እንጂ የጠፋ ሰው መሆኑን አልጠረጠረም። በዝናብ በእግሩ ሄደ። እኔ ያን የደስታ ደብዳቤ ልኬልሽ ከወንበሬ ሳልነሣ ስልኬ ጮኸ።

የደወለችው የአዲሱ መናኸሪያ ቲኬት ሻጭ ናት። ማስታወቂያዬን መስኮቷ ላይ ለጥፋው ነበር። ቀና ስትል ፎቶው ውስጥ ያለው ሰውዬ ውሃ እያንጠባጠበ ከመስኮቱ ማዶ ቆሟል። "ረዳቴ፣ መጣሽ?" አላት። ምን ታድርግ፤ ሰውዬው ይንቀጠቀጣል፣ ገብቶ ይሙቅ እንጂ ብላ "አዎ አባባ፣ መጣሁ" አለችው። ቃሉን የት አገኘችው? አላውቅም። ማንም ሰው የሚለው ቃል ነው። እጇን ያዘ፣ ቤት እስኪገባ አለቀቃትም።

ሳንባው ተመትቷል። በመርፌው ትኩሳቱ ወርዷል፣ ነርሷ ግን እርግጠኛ አይደለችም። ከሥራ መልስ ቲኬት ሻጯ ትመጣለች፤ የሚጎርሰው ከእሷ እጅ ብቻ ነው። የፌርማታ ስም ይጠይቃታል፤ ስታውቅ ትመልሳለች፣ ሳታውቅ ትፈጥራለች።

ፎቶዬን አሳየኸው ወይ ብለሻል። አሳየሁት። አገላብጦ አየው። "ቆንጆ ልጅ ናት፣ የማን ናት?" አለኝ። ያንቺ ናት ልለው አፌን ከፍቼ ነርሷ በዓይኗ ያዘችኝ። አታርሙት ትላለች፤ ባረማችሁት ቁጥር ልጁ እንደ አዲስ ትጠፋበታለች። አንቺ ከእሷ የበለጠ ታውቂዋለሽ።

መቼ ትመጣለች ማለቱን ትቷል። በቃ፣ መጥተሻል። ሰላም አግኝቷል፣ እቴቴ። እንዲህ ሰላም ሲያገኝ አይቼው አላውቅም፤ ይህን እየጻፍኩልሽ አለቅሳለሁ። ቲኬት ሻጯ ደግሞ በር ላይ ስሸኛት "የሰው ቦታ ያዝኩ" እያለች ታለቅሳለች። ነይ ልበልሽ፣ ቅሪ ልበልሽ፣ አላውቅም።

ለምን አልነገርከኝም ላልሽው፦ ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? እኔ እዚሁ ሆኜ ምን አደረግሁ?

ወንድምሽ


ኅዳር 17 ቀን

ወንድምዓለሜ፣

ስለ ስድቤ ይቅርታ አድርግልኝ። ንዴቱ ጨርሶ አልወጣልኝም፤ ግን ካንተ ላይ ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት በቤቱ ውስጥ ይዞራል። መጣሁ ከማለት እመጣለሁ ብዬ ብጽፍ ምን ነበረበት? ሰው የሚለውን አልኩ። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

ሽልማቱን ምን አደረግሽው ብለሃል። መስታወት ነው፤ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል። ውሌም ታድሷል። የሥራ ጓደኞቼ አበባ ይዘው መጡ፣ ንግግር አድርጊ አሉኝ፤ ስለ አስታማሚ ድካም ተናገርኩ፣ ጥሩ አድርጌም ተናገርኩ። ያቺ ዳኛ ለሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ጋብዛኛለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያዳምጠው ዕውቀት ይዤ አንድ ሽማግሌ ከዝናብ ማስገባት አልቻልኩም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ስሰማ የኖርኩት ስለ ሌላ ሰው እየመሰለኝ ነው።

ትመጫለሽ ወይ ላልከኝ፣ እመጣለሁ። ነገ ተነሥቼ ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ። አባባ ግን እንዳይሰማ። መናኸሪያም ሆነ ሌላ ቦታ ማንም እንዳይቀበለኝ፤ በራሴ እግር እገባለሁ።

ቲኬት ሻጯን የሰው ቦታ አልያዝሽም በልልኝ። ቦታው ባዶ ነበር። አልቅሳ የምትሄድ ከሆነ እኔ ከመድረሴ በፊት ይህን አንብብላት፦ ውሃ ስትሰጠው ብርጭቆውን አትሙላበት፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ መፍሰሱን ካየ ያፍራል፣ ካፈረ አይጠጣም። ጥፍሩን ከመቁረጧ በፊት ለብ ባለ ውሃ ትንከርለት። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ በቀኙ በኩል ትቀመጥ። ሲጎርስ "ሞልቷል" ካለ ጠግቧል ማለት ነው፣ አታስገድደው። ሲያስለው ከጀርባው በዝግታ ትደግፈው፤ ወደ መስኮቱ ካዞረችው ቶሎ ይተወዋል። በስሙ ሲጠሩት አይወድም፤ ሹፌሬ ትበለው። ሌላ የማውቀው የለኝም። ይህን ያህል ብቻ መሆኑ ገርሞኛል።

እኔ ስገባ እሷ ካለችበት እንዳትነሣ። እጁን እንደ ያዘች ትቆይ። እኔ ከወንበሮቹ አንዱን ስቤ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ይቺ ማን ናት ብሎ ከጠየቃችሁ፣ የልጅህ ጓደኛ ናት በሉት።

እኅትህ